ቆሞ ያረጀ

ጓደኛዬ መኪናዋን የገዛት በአንድ ቁጥር ተሸንፎ ነው። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ 78 ሺህ ይላል። ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1991 ምርት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ በእጅ ይታጠፋል፣ የፊት መብራቶቿ ተኝተው ይቆዩና ሲበሩ ብቅ ይላሉ። «ሠላሳ ዓመት አልፏት 78 ሺህ ብቻ! አልተነዳችም እኮ» አለኝ በስልክ። አልተነዳችም ያለው እውነቱን ነው። ችግሯም እሱ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው የዚያች መኪና የአሥራ አራት ወር የጥገና ታሪክ ነው። ጠጋኙ በአብዛኛው እኔ ነበርኩ። ጋራዥ የለኝም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ መኪና መፍታት የምወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያበላሸሁትም አብሮ ተጽፏል።

መጀመሪያ ስለ ሞዴሏ ትንሽ ልበል። ማዝዳ ይህችን መኪና ለሕዝብ ያሳየው በየካቲት 1989 በቺካጎው የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) ያለው። ሞተሩ ከፊት ተቀምጦ የኋላ ጎማዎችን ያሽከረክራል። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። በ2016 የዚህ ስም አንድ ሚሊዮንኛ መኪና ከፋብሪካ ወጥታለች። ለጠጋኝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መለዋወጫ አይጠፋም። ደግሞ እሷን የሚያማት ሁሉ ከእሷ በፊት ሌላዋን አሟታል፤ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል።

ጓደኛዬ ይዞ የመጣው አራት ቅሬታ ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ሲረግጥ ሞተሩ ይንተባተባል፣ በተለይ እርጥበት ባለው ጠዋት። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በሚገናኙበት ቦታ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጠዋት ጠዋት እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ይነሳል። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ምንጣፍ ይረጥባል።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጋራዥ ወስዷት ነበር። ለመንተባተቡ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ቦቢና ቀየሩለት፤ አልተሻላትም። ለዘይቱ «የኋላ ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት» አሉት፤ ፓራኦሊዮ የሚሉት ዘይት እንዳይወጣ የሚያትመውን የጎሚኒ ቀለበት ነው። ለፍሪሲዮኑ «ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር አብሮ ይቀየር»። ለውሃው «ጣሪያውን ቀይረው»። ጓደኛዬ የደወለልኝ እሺ ሊል አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ሲታይ ከአራቱ ግምት አንዱም ልክ አልነበረም። ግን አልፈርድባቸውም። መኪናዋ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር የነዳች ብትሆን ግምታቸው ሁሉ ያስኬዳል። ብዙ የነዳ መኪና ብረቱ ያልቃል፤ ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ ፒስተን። ቆሞ የኖረ መኪና ግን ብረቱ ደህና ሆኖ ጎሚኒው፣ ላስቲኩ ነው የሚሞተው። እነሱ ቆጣሪውን ሳይሆን የመኪናዋን ዕድሜ አይተው እንደ ደከመች መኪና መረመሯት። ጓደኛዬ ደግሞ ዕድሜዋን ትቶ ቆጣሪውን አየና እንደ አዲስ ገዛት። ሁለቱም ግማሹን ነው ያዩት።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቁልፍ አላነሳሁም። መብራት ይዤ መኪናዋን መዞር ብቻ። ጎማው ላይ ቆምኩ። ጥርሱ ያምራል፤ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አነበብኩለት፤ 1407። በ2007 በአሥራ አራተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቅ ቆዳ ነው፣ ጎኑ ላይም ቀጫጭን ስንጥቆች ተረባርበውበታል። ጓደኛዬ በዚህ ጎማ ነው እርጥብ መንገድ ላይ ማዞሪያ «ሲሞክር» የከረመው። የጎማ አምራቾች ራሳቸው ጥርሱ ምንም ቢያምር ከአሥር ዓመት አታሳልፉት ይላሉ። አራቱም ተቀየሩ። ለዚህች መኪና ፋብሪካው የሚያዘው ግፊት 26 ፒኤስአይ ነው። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ይመስለውና 35 ይነፋዋል፣ ከዚያ «ይህች መኪና ትነጥራለች» ብሎ አሞርዛተር ይቀይራል።

ወደ ዘይቱ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ስትነዳ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ሳይሆን እርጥበቱ ከሚጀምርበት ከፍተኛ ቦታ ነው መነሳት ያለብህ። ሞተሩን በደንብ አጠብን፣ አደረቅን፣ ሃያ ደቂቃ ነዳናትና ተመለስን። ከዚያ ትንሽ መስታወትና መብራት ይዤ ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ወደሚጣበቀው ጠባብ ቦታ አጮለቅሁ። የካምሻፍቱን አቅጣጫ የሚያነብ ሴንሰር እዚያ ተሰክቷል። ከሥሩ ቀጭን የዘይት መስመር ወርዶ በማሞቂያው ቱቦዎች ላይ አልፎ ካምቢዮው ትከሻ ላይ ያርፋል። ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው የኋላ ፓራኦሊዮ ካልሆነ ምን ይሆናል?

ሴንሰሩን የያዘው አንድ ቡሎን ነው። እሱን ከመፍታቴ በፊት ሴንሰሩና ቴስታታው ላይ አንድ ወጥ መስመር ጫርኩ፤ ሴንሰሩ ትንሽ ቢዞር የእሳቱ ሰዓት ይዛነፋልና። ስስበው ቀለበቷ ጎሚኒ ወጣች። ክብ መሆኗ ቀርቶ ጠርዟ ጠፍጣፋ ሆኗል። ላጥፋት ስል እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ሠላሳ ዓመት ሙቀት ላይ ተቀምጣለች፣ ምን ታድርግ። አዲሷን ዘይት ቀብቼ አስገባሁ፣ ሴንሰሩን በመስመሩ መለስኩ። በመጨረሻ የእሳቱን ሰዓት የሚያሳየውን መብራት፣ ታይሚንግ ላይት፣ አምጥተን አረጋገጥን። በምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ ሞተሩ ሞቆ በአይድል ሲዞር ምልክቱ ፒስተኑ ከሚደርስበት የላይኛው ነጥብ በፊት 10 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ቆመ። ካምቢዮ ማውረድ ቀረ።

መንተባተቡ ደግሞ የዚሁ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። አንዱን የካንዴላ ገመድ ስነቅለው ጫፉ ዘይት ነክሮ ወጣ። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ዘይት አቁሯል። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመሐላቸው ያለው የጎሚኒ ማኅተም፣ ደርቆ ዘይቱ ወደ ጉድጓዶቹ ሲሰርግ ኖሯል፤ ዘይቱ ደግሞ የገመዱን ጎሚኒ አለስልሶ በልቶታል። ሲመሽ አንድ የቆየ ፈተና አደረግን። ጨለማ ቦታ ሞተሩን አስነስተን በገመዶቹ ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ አርከፈከፍን። እጅ ሳይነካ፣ በሩቁ። ከሦስተኛው ገመድ ወገብ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ዘለለ። ጓደኛዬ እንደ ርችት ነው ያየው። ቦቢናው ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ የድሮው አሁን ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ መጠባበቂያ ሆኖ ተቀምጧል።

ጓርኒሲዮኑን፣ ገመዶቹን፣ ካንዴላዎቹን ቀየርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር። የክዳኑ ቡሎኖች የሚጠብቁት በጣም ለስላሳ ነው፣ አሥር ኒውተን ሜትር እንኳ አይሞላም። ፈሰሰ ብሎ አጥብቆ ማሰር ቴስታታውን ጥርስ አልባ ያደርገዋል እንጂ ዘይቱን አያቆመውም። ማኅተሙ ጎሚኒው እንጂ ጉልበትህ አይደለም። ክዳኑ በሚታጠፍባቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ጠብ ጠብ ያለ ሲሊኮን ይበቃል።

ፍሪሲዮኑ የአሥር ደቂቃ ምርመራ ነበር። ካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን፣ ፍሪሲዮኑን በፈሳሽ ግፊት የሚገፋውን የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ ጎሚኒ ገለጥ አድርጌ በጣቴ ነካሁ። ፈሳሽ ወረደ። ጠቆር ያለ፣ አፈር የመሰለ። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ግፊት መያዝ አቅቷታል፤ ሌሊቱን አየር ይገባል፣ ጠዋት ፔዳሉ ይሰምጣል። ዲስኩ ግን ገና ብዙ የሚሄድ ነው። ያለቀ ዲስክ ቢሆን ፔዳሉ ሳይሆን ሞተሩ ነበር የሚናገረው፤ ዳገት ላይ ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም።

እዚህ ነው የተሳሳትኩት። ጓደኛዬ «የላይኛውንም አብረን እንቀይረው?» አለኝ፤ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን ፓምፕ ማለቱ ነው። «ካልፈሰሰ ምን ያደርጋል፣ ተወው» አልኩት። ዐዋቂ መስዬ። ሁለት ወር አልሞላም፣ የላይኛው ፓምፕ ፈሳሹን በፔዳሉ ዘንግ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሁለቱ ፓምፖች እኩያ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ላስቲክ፣ አንድ ዓይነት ያረጀ ፈሳሽ። የታችኛው አዲስ ሆኖ ግፊቱን ሲይዝ ሸክሙ የላይኛው ላይ ወደቀ። ያው ሥራ ድጋሚ፣ ያው አየር ማስወጣት ድጋሚ። ጓደኛዬ ፔዳሉን እየረገጠ «ተወው ብለህ ነበር አይደል?» ይለኛል። አሁንም ይለኛል።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ውሃው።

ጣሪያው አልተቀደደም። የዚህች መኪና ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ከኋላ ወደ ሁለት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ይሄዳል፤ ከመቀመጫ ቀበቶዎቹ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ። ከዚያ በቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማው ፊት መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። አንድ ጠርሙስ ውሃ በቀኙ ቀዳዳ አፈሰስን፤ በደንብ ወረደ። በግራው አፈሰስን። ምንም። ውሃው ተኝቶ አየን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ምንጣፉ ሞልቶ ፈሰሰ። ለዓመታት ዛፍ ሥር ቆማ የኖረች መኪና ናት። ቱቦው በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኗል።

ለመክፈት ወፍራም ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦው ቱቦውን ከላይ ካለው አንገቱ ይነቅለዋል፤ ከዚያ ውሃው ቀጥታ ወደ ላሜራው ውስጥ ይገባል፣ ጭራሽ ይባስ። የሣር ማጨጃ ማሽን የሚጠቀምበትን የፕላስቲክ ክር ከታችም ከላይም እያስገባን አንድ ሰዓት ያህል ታገልን። በመጨረሻ ጥቁር ጭቃ ዘረገፈ፣ ቀጥሎ ውሃ።

ደስታችን ግን አጭር ነበር። ውሃው ሞልቶ የፈሰሰው ምንጣፉ ላይ ብቻ አልነበረም። ከበሩ ሥር ያለው ረጅም የላሜራ ሳጥን ውስጥም ገብቶ ቆይቷል። ይህ ሳጥን ጌጥ አይደለም። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ያለው ወለሏና እነዚህ ሁለት ሳጥኖች ላይ ነው። ከግራው የኋላ ጎማ ፊት ለፊት ቀለሙ ትንሽ አረፋ አውጥቷል። የካቻቪቴ እጀታ ይዤ ሳጥኑን እየቆረቆርኩ ሄድኩ። ቀንግ፣ ቀንግ፣ ቀንግ፣ ከዚያ ዱፍ። ካቻቪቴውን ገልብጬ ትንሽ ተጫንኩት፤ ገባ።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ቀደም ሲል ስለ አዲስ ቸርኬና ስለ ማርሚታ ነበር የሚያወራው። ማርሚታ ቢቀየር ድምጿ ምን ያህል እንደሚያምር በስልኩ ሲያስደምጠኝ ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ይህን ሥራ እኔ አልነካሁትም። ብየዳ የሚችል፣ የላሜራ ሥራ ያደገበት ሰው ያስፈልጋል። ለሠራተኛው አንድ ነገር ብቻ አሳሰብን፤ ከላይ ጠጋ አድርገህ በማስቲሽ አትሸፍንብን፣ የበሰበሰውን ቆርጠህ አውጣ። ሲቆርጠው የውጭው ላሜራ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ሆነ፤ የውስጠኛው ግን ከዚያ እጥፍ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ዝገት ከውስጥ ነው የሚጀምረው። በአዲስ ላሜራ ተበየደ፣ ከውስጥ በረጅም ቱቦ ሰም መሰል መከላከያ ተረጨበት። ከጥገናው ሁሉ ጊዜም ገንዘብም የበላው ይህ ነው። ሞተር ካረጀ ሌላ ሞተር ታስገባለህ። ላሜራዋ ካለቀች ግን የምታስገባበት መኪና የለህም።

ራዲያተሩ ከአራቱ ቅሬታ ውስጥ አልነበረም። ኮፈኑን ስከፍት ግን የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር መሆን ሲገባው አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ሆኖ አየሁት። ይህ ቀለም ሙቀት የበላው ፕላስቲክ መልክ ነው። «ይህ ሊሰነጠቅ ነው» አልኩት። «አይፈስም እኮ!» አለኝ። ከፍሪሲዮኑ ስህተቴ በኋላ ስለነበር ድምፄን ከፍ ማድረግ አልቻልኩም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መንገድ ላይ ተሰነጠቀ። የሚመሰገነው ወዲያው መቆሙ ነው። እንፋሎቱን ሲያይ መርፌው ገና መሐል ላይ ነበር። ውሃው ከሴንሰሩ በታች ከወረደ ሴንሰሩ የሚለካው ባዶ ቦታ ነው፤ መርፌው ሊዋሽ ይችላል። «መርፌው ደህና ነው» ብሎ አምስት ኪሎሜትር ቢነዳ ቴስታታው ተጣሞ ነበር።

ራዲያተሩ ከወረደ አይቀር ፊት ለፊቱ ክፍት ነውና ካምሻፍቶቹን የሚያዞረውን የታይሚንግ ቺንጋም አወረድነው። መቀየሪያው በግምት በየ100 ሺህ ኪሎሜትር ነው፤ በቆጣሪው ከሆነ ገና ነበር። ግን መቼ እንደተቀየረ የሚል ምንም ወረቀት የለም። ይህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን የማይጋጩበት ነው፣ ደግነቱ። ቢሆንም ከመንገድ ያስቀርሃል። የወረደው ቺንጋ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ወደ ውጭ ሲታጠፍ ግን የእያንዳንዱ ጥርስ ሥር ስንጥቅ አለው። የውሃ ፓምፑ፣ የፊት ፓራኦሊዮዎቹ፣ ቴርሞስታቱ አብረው ተቀየሩ።

እዚያው ሳለን የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ) ፑሊ አየን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1.6 ሞተሮች የክራንኩ አፍንጫ (ፑሊው የሚታሰርበት ጫፍ) አጭር ነው፤ ቡሎኑ በልኩ ካልታሰረ ቀስ በቀስ እዚያ የገባችውን ትንሽ የብረት ቁልፍ ይበላና ክራንኩን ያበላሻል። መለያው ፑሊው መሐል ላይ ያሉት ክፍተቶች ናቸው። አራት ከሆኑ አጭሩ ነው፣ ስምንት ከሆኑ የተሻሻለው። ስንቆጥር አራት። ሞተሩ ሲዞር ፑሊው እንዳይወላገድ አስቀድመን አይተን ነበር፣ አልተወላገደም። አዲስ ቡሎን ገብቶ በቶርክ ቁልፍ ታሰረ። እዚህ ላይ በግምት ማሰር የለም።

ሁለተኛው ስህተቴም የተፈጸመው ያን ቀን ነው። የማሞቂያውን ቱቦዎች ስቀይር አንዱ አልወጣ ብሎኝ በፒንሳ ይዤ ጠመዘዝኩት። ቱቦው ሳይሆን የማሞቂያው ቀጭን የብረት አንገት ተጣመመ። እሱ ቢሰነጠቅ ዳሽቦርዱ በሙሉ መፈታት ነበረበት። አልተሰነጠቀም፣ ተረፍኩ። የደረቀ ቱቦ በርዝመቱ በምላጭ ተቀዶ ይላጣል እንጂ አይጠመዘዝም። ይህን ዐውቅ ነበር። ስለቸኮልኩ ብቻ ነው።

ስድስት ሊትር ያህል ኩላንት ገባ። ፊቷን በክሪክ ከፍ አድርገን፣ ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተን አየሩ እስኪወጣ ጠበቅን።

ፍሬኑን በአጭሩ። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባው ግን ይህ ዝቅተኛ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ከመኪናዋ የወጣው ቡናማ ነበር። የፍሬን ሸራዎቹን የሚጨብጡት ካሊፐሮች የሚንሸራተቱባቸው ፒኖች ከኋላ ሁለቱም ተጣብቀው፣ አንደኛው ሸራ አልቆ እኩያው ሳይነካ ተቀምጧል። ተጠረጉ፣ ግሪስ ተቀቡ። ባትሪዋ ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ማስተንፈሻ ቱቦ የሌለው ተራ ባትሪ አስገብቶባት ጋዙ ላሜራውን መብላት ጀምሮ ነበር። ትክክለኛው ተተካ፣ ቱቦዎቹ ወደ ውጭ ተመለሱ፣ ላሜራው ተጠርጎ ተቀባ።

ከዚያ ወዲህ 9 ሺህ ኪሎሜትር ነድቷታል። የዘይት ጠብታ የለም። ጠዋት ስትነሳ ከቴስታታው ለጥቂት ሰኮንድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ ቫልቮቹን የሚያስተካክሉት በዘይት የሚሞሉ ክፍሎች ሌሊት ባዶ ሆነው ነው፣ ሲሞሉ ዝም ይላሉ። አልነካናቸውም። ዘይቱ በኪሎሜትር ሳይሆን በየዓመቱ ይቀየራል። በሳምንት አንዴ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትነዳለች። ቆማ ሞተሯን አስነስቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማጥፋት የሚባለውን ልማድ አስተውኩት፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት አይወጣም፣ ማርሚታው ውስጥም ውሃ ይቀራል። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያፈስና ከሥር ጎንበስ ብሎ ያያል።

የቀረ ነገር አለ። ጎማዎቹን ከአካሏ የሚያያይዙት ክንዶች ጎሚኒዎች ሁሉ የድሮዎቹ ናቸው፤ ማዞሪያ ላይ ትንሽ ስንፍና ይሰማኛል፣ ለሚመጣው ዓመት አስቀምጠናቸዋል። የማርሹ ዘንግ ሥር ያለው ጎሚኒም ተቀዷል፣ የሞቀ ዘይት ይሸታል። የቀኙ መስኮት ደግሞ ሲወጣ መሐል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። ባለፈው ሳምንት በሩን ልፍታው ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። «ተወው ብትል ይሻላል» አለ። «አንተ ተወው ስትል ነው የሚሠራው።»